ከቤት እስከ ስምሪት ክፍል፦ የመንገድ ዋስትና በሠራተኛ ውል ውስጥ

በአየር መንገድ የስምሪት ባለሙያዎች የኅብረት ስምምነት ድርድር ውስጥ ከደመወዝና ከፈረቃ አበል ቀጥሎ የሚነሳ፣ ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ግን በግማሽ ብቻ የሚረዳው አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ሠራተኛው ከቤቱ ተነስቶ ሥራ ገበታው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ በመንገድ የሚገጥመውን መዘግየትና አደጋ ማን ይሸከማል የሚለው ነው። በአሜሪካ የፓይለቶችና የበረራ አስተናጋጆች ውሎች ለዚህ ጥያቄ ራሱን የቻለ አንቀጽ መያዝ ከጀመሩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ የስምሪት ባለሙያዎች ማኅበራትም ተመሳሳዩን ዋስትና በየድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ያቀርባሉ።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ነገር ቢመስልም ለጅቡቲ ከተማ ባዕድ አይደለም። ከተማዋ የአምቡሊን ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የናጋድን ባቡር ጣቢያና የዶራሌን ወደቦች በጠባብ ስፍራ ሰብስባ የያዘች፣ ቀንና ሌሊት በፈረቃ የምትሠራ፣ የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው ክፍል የሚያልፍባት ከተማ ናት። በሠራተኛ መንገድ ላይ ሁለት የተለያዩ የሕግ ልማዶች የሚገናኙትም በእርስዋ ነው፤ አንደኛው የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጅቡቲ ከፈረንሳይ የወረሰችው የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ነው። ሁለቱ ሲነጻጸሩ እያንዳንዱ የሚሸፍነውና የሚተወው ቦታ በግልጽ ይታያል፤ የተተወው ቦታም የመንገደኛን ደኅንነት እስከመንካት የሚደርስ ነው።

የስምሪት ሥራ ምንነት

በዕለት ተዕለት አነጋገር ስምሪት ሲባል ታክሲ ወይም የጭነት መኪና በየመስመሩ የሚያሰማራው ክፍል ይታሰባል። በአየር መንገድ ግን የስምሪት ባለሙያ ማለት የበረራ ዕቅድ የሚያዘጋጅ፣ የአየር ጠባዩን የሚያጠና፣ የሚጫነውን ነዳጅና ክብደት የሚያሰላ፣ አውሮፕላኑ ማረፍ ቢያቅተው የሚሄድበትን ተለዋጭ ማረፊያ የሚመርጥ፣ ከዚያም በረራውን እስኪያርፍ ድረስ የሚከታተል ፈቃድ ያለው ሙያተኛ ነው። በአሜሪካ ሕግ እያንዳንዱ መደበኛ በረራ የሚለቀቀው በካፒቴኑና በስምሪት ባለሙያው የጋራ ኃላፊነት ሲሆን፣ ሁለቱ ካልተስማሙ በረራው አይነሳም።

የሥራው ክብደት በአንድ አጭር በረራ ሊታይ ይችላል። በሐምሌ ወር ከአምቡሊ ተነስቶ ወደ ቦሌ የሚበር አውሮፕላን የሚንደረደረው ከባሕር ወለል ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ካለና የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ከሚችል ሜዳ ላይ ነው። የሞቀ አየር ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ይቸገራል፤ ስለዚህ የሚጭነው ክብደት በጥንቃቄ ይለካል። የሚያርፈው ደግሞ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው ቦሌ ነው፤ በዚያ ወቅት ደጋው ክረምት በመሆኑ ደመናና ዝናብ ማረፊያውን ቢዘጋው እንደ ድሬዳዋ ወዳለ ሌላ ሜዳ የሚያደርስ ትርፍ ነዳጅ ከመነሻው መጫን አለበት። ነዳጅ ሲጨመር ክብደት ይጨምራል፤ ክብደት ሲጨምር ከሞቃቱ ሜዳ መነሳት ይከብዳል፤ ስለዚህ ወይ ጭነት ይቀነሳል፣ ወይ መነሻው ወደ ቀዝቃዛው ሰዓት ይሳባል፣ ወይ ሌላ ተለዋጭ ማረፊያ ይፈለጋል። ይህን ሁሉ አመዛዝኖ የሚወስነው ሰው የሚያስፈልገው ዋና ነገር የነቃ አእምሮ ነው፤ ያ ሰው ሌሊቱን በመንገድ ላይ አሳልፎ፣ አረፈድሁ ብሎ በድንጋጤ ገብቶ ወዲያው የተቀመጠ ከሆነ ግን የሒሳቡ ጥራት የሚመካበት ነገር ይጎድለዋል።

የባቡር ስምሪትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከሰበታ እስከ ጅቡቲ 752 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ከአዳማ ወዲህ ወደ ባሕሩ በኩል ነጠላ ሐዲድ ነው፤ ስለዚህ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው የሚመጡ ሁለት ባቡሮች የት ጣቢያ እንደሚጠባበቁ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚያልፍ የሚወስነው የስምሪት ተቆጣጣሪው ነው። የአሜሪካ ሕግ ራሱ ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ጥላ ሥር ያኖራቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ለምድር ባቡር ሠራተኞች የወጣው የሥራ ግንኙነት ሕግ በ1936 ወደ አየር መንገዶች ተስፋፍቶ እስከ ዛሬ የሁለቱንም ድርድር ይገዛል።

የአሜሪካው አንቀጽ እንዴት ይሠራል?

በአሜሪካ የመንገድ ዋስትና ጥያቄ የተነሳው ሠራተኛው ሥራ ከሚገባበት ከተማ ርቆ በመኖሩ ነው። ትልልቅ አየር መንገዶች ስምሪታቸውን በአንድ ማዕከል ሲያጠቃልሉ፣ በተለይም ሲዋሐዱ፣ የአንዱ ማዕከል ተዘግቶ ሥራው ወደ ሌላው ከተማ ይሄዳል። ኖርዝዌስት እ.ኤ.አ. በ2008 ከዴልታ ጋር ሲዋሐድ ከሚኒያፖሊስ ወደ አትላንታ፣ ዩኤስ ኤርዌይስ ከአሜሪካን ጋር ሲዋሐድ ደግሞ በ2015 ከፒትስበርግ ወደ ፎርት ዎርዝ የተደረገው ዝውውር የዚህ ምሳሌ ነው። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማፈናቀል ያልፈለገ፣ ቤቱን መሸጥ ያልቻለ ወይም የትዳር ጓደኛው ሥራ የያዘው ባለሙያ ቤቱን ባለበት ትቶ በአውሮፕላን እየተመላለሰ መሥራት ይጀምራል። የሚሳፈረው ግን ትኬት በገዛ መንገደኛ ባልተያዘ ወንበር ወይም በፓይለቶች ክፍል ባለው ተጨማሪ መቀመጫ ላይ በመሆኑ ቦታ የማግኘቱ ነገር እስከ መጨረሻው ደቂቃ አይረጋገጥም።

በፓይለቶችና በአስተናጋጆች ውሎች የተለመደው አንቀጽ ለዚህ የሚሰጠው መልስ በጥቅሉ እንዲህ ነው። ሠራተኛው ከሥራ መግቢያው ሰዓት በፊት የሚያደርሱትን ሁለት በረራዎች አስቀድሞ ይመርጣል፤ ሁለቱም ክፍት ወንበር እንደነበራቸው ያረጋግጣል፤ የመጀመሪያው ቢሞላ ወይም ቢሰረዝ ሁለተኛውን ይሞክራል፤ ሁለተኛውም ካልተሳካ ወዲያው ለኃላፊው ያስታውቃል። ይህን ካደረገ በመቅረቱ የዲሲፕሊን ቅጣት አይደርስበትም፤ ያልሠራበት ሰዓት ግን ላይከፈለው ወይም ከፈቃዱ ላይ ሊታሰብ ይችላል፤ በዓመት ውስጥ ይህን መብት የሚጠቀምበት ጊዜም ይገደባል። ዋስትናው እንግዲህ ነጻ የመቅረት ፈቃድ አይደለም። በቅን ልቦና የተሞከረን ጉዞ በቸልተኝነት ከመጣ መዘግየት የሚለይ የማስረጃ ሥርዓት ነው፤ የዋስትናው ጥንካሬም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ይህን አንቀጽ ለስምሪት ባለሙያዎች እንዳለ መገልበጥ ግን ይከብዳል። ፓይለት ቢቀር በተጠባባቂነት ቤቱ የተቀመጠ ሌላ ፓይለት ይጠራል፤ የስምሪት ገበታ ግን አንድ ደቂቃ ባዶ ሊሆን አይችልም፤ በአየር ላይ ያሉ በረራዎችን የሚከታተል ሰው አለበት። ተረኛው ሲዘገይ ሸክሙ የሚወድቀው ፈረቃውን ጨርሶ ሊወጣ በተዘጋጀው ባልደረባ ላይ ነው፤ እርሱም በአሜሪካ ደንብ በተከታታይ ከ10 ሰዓት በላይ እንዲመደብ አይፈቀድለትም። ስለዚህ የአሠሪው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ለአንዱ የሚሰጠው ምሕረት በሌላው ድካም የሚከፈል ከሆነ ደኅንነቱ ከየት ይመጣል የሚል ነው። መልሱ ያለው ከአንቀጹ ቃላት ይልቅ በሰው ኃይል አመዳደቡ ላይ ነው፤ ፈረቃዎች በጥቂት ደቂቃዎች ተደራርበው ቢመደቡና በየፈረቃው ለብዙ ገበታ አንድ ተጠባባቂ ቢኖር፣ የአንድ ሰው መዘግየት የሌላውን ሕጋዊ የሥራ ሰዓት አይሰብርም።

ድካምና ደንብ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ የኮልጋን አየር መንገድ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሲሞቱ፣ ረዳት ፓይለቷ ከሲያትል ተነስታ ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን እየተጓዘች ኒውአርክ መድረሷ፣ ካፒቴኑም ከፍሎሪዳ የሚመላለስ መሆኑ በምርመራው ታወቀ። የምርመራ ቦርዱ የአደጋውን ዋና ምክንያት የካፒቴኑ የተሳሳተ የበረራ ቁጥጥር ነው ብሎ ቢደመድምም፣ ሁለቱም ፓይለቶች ድካም እንደነበረባቸው ሊታመን እንደሚችል፣ የድካሙ ድርሻ ግን በልክ ሊወሰን እንደማይችል ገለጸ። የአገሪቱ ምክር ቤት በ2010 ባወጣው ሕግ የመንገድ ድካም እንዲጠና አዘዘ፤ በ2011 የወጣው የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ ጥናትም በኪሎ ሜትር ወይም በጉዞ ሰዓት ወሰን መጣል በቂ ማስረጃ እንደሌለው ገልጾ፣ ፓይለቶች ጉዟቸውን ሲያቅዱ ከሥራ በፊት ቢያንስ 6 ሰዓት እንዲተኙና በሥራቸው ማብቂያ ላይ ከ16 ሰዓት ያለፈ ንቃት እንዳይኖር እንዲያደርጉ መከረ። ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የዕረፍት ደንብ የተጻፈው ግን ለፓይለቶች ነው፤ የስምሪት ባለሙያዎች በቀድሞው ደንብ ቀሩ።

በዚያ ደንብ መሠረት የስምሪት ባለሙያ ከ10 ሰዓት በላይ ሥራ ላይ ከዋለ ቢያንስ 8 ሰዓት ዕረፍት ይሰጠዋል። መሄጃው 2 ሰዓት፣ መመለሻውም 2 ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ከ8ቱ ሰዓት የሚተርፈው 4 ሰዓት ነው፤ ከዚያም ላይ መብላት፣ መታጠብና ቤተሰብ ማየት ይቀነሳል። የደንቡ ሰዓት የሚቆጥረው ከሥራ ውጭ መሆንን እንጂ እንቅልፍን አይደለም፤ መንገዱ በደንቡ ዓይን ዕረፍት ነው። የመንገድ ዋስትና ከደኅንነት ደንቦች ጋር አብሮ መታየት ያለበት ለዚህ ነው፤ መቅረት የሚያስባርረው ሰው ደክሞም ቢሆን ይመጣል፣ መጥቶም ደክሞኛል ለማለት ይፈራል።

የሁለቱ አገሮች ሕግ

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ መንገድ የሚናገረው በሁለት የተራራቁ ቦታዎች ነው። በአንቀጽ 97 በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋን ሲተረጉም፣ ሠራተኛው ድርጅቱ ለሠራተኞች በጋራ ባቀረበው ወይም ለዚሁ ዓላማ በተከራየው የትራንስፖርት አገልግሎት ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የሚደርስበትን ጉዳት ይጨምራል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ያለማስጠንቀቂያ የሥራ ውል ሊቋረጥ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ የመዘግየቱ ምክንያት በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል ተቀባይነት ያለው ካልሆነ በስተቀር፣ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ለስምንት ጊዜ የሥራ ሰዓት ያላከበረ ሠራተኛ ሊሰናበት እንደሚችል ይደነግጋል።

የመጀመሪያው ድንጋጌ በሕዝብ ዘንድ ሰርቪስ የሚባለውን የሠራተኛ አውቶቡስ ከመሳፈሪያነት በላይ ያደርገዋል። ሰርቪስ ያቀረበ አሠሪ የመንገዱን አደጋ አብሮ ተሸክሟል፤ በሰርቪስ ፋንታ የትራንስፖርት አበል በጥሬ ገንዘብ የሰጠ አሠሪ ግን ሠራተኛው በታክሲ፣ በሚኒባስ ወይም በእግሩ ሲሄድ ጉዳት ቢደርስበት በዚህ ድንጋጌ አይያዝም። ሁለቱ አማራጮች በወጪ ቢቀራረቡ እንኳ በኃላፊነት ረገድ የተራራቁ በመሆናቸው፣ ሕጉ ሳያስበው አሠሪውን ከሰርቪስ ወደ አበል የሚገፋ ማትጊያ ፈጥሯል። ሠራተኛውም አበሉን ሲቀበል ዋስትናውን አብሮ እንደለወጠ አያስተውልም። በደመወዝ ድርድር ላይ አበል ይጨመርልን የሚል ማኅበር ይህን ልውውጥ አስቀድሞ ሊመዝነው ይገባል።

ጅቡቲ የያዘችው መንገድ ሌላ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1957 ለባሕር ማዶ ግዛቶቿ ባወጣችው የሥራ አደጋ ድንጋጌ ሠራተኛው ከመኖሪያው ወደ ሥራ ቦታው ሲሄድና ሲመለስ የሚደርስበት አደጋ፣ ጉዞው በግል ጉዳይ ካልተቋረጠ ወይም ካልተጠማዘዘ፣ እንደ ሥራ አደጋ ይቆጠራል። በፈረንሳዮች ልማድ የጉዞ አደጋ የሚባለው ይህ ሐሳብ ከመኪናው ባለቤትነት ጋር አይያያዝም፤ የሚጠይቀው መንገዱ የሥራ መንገድ መሆኑን ብቻ ነው። ካሣውን የሚከፍለውም በአሠሪዎች መዋጮ የሚንቀሳቀሰው የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም በመሆኑ ሸክሙ በአንድ አሠሪ ትከሻ ላይ ብቻ አይወድቅም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1964 ያወጣው ቁጥር 121 ስምምነትም አገሮች የመንገድ አደጋ በምን ሁኔታ እንደ ሥራ አደጋ እንደሚቆጠር እንዲወስኑ ይጠይቃል።

ልዩነቱን ለመረዳት የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡርን ማሰብ ይበቃል። ድርጅቱ ኢትዮጵያ 75 በመቶ፣ ጅቡቲ 25 በመቶ ድርሻ ያላቸው የጋራ ኩባንያ ነው። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ሌሊት፣ አንዱ አዲስ አበባ ወደ ለቡ፣ ሌላው ጅቡቲ ወደ ናጋድ፣ ሁለቱም በኮንትራት ታክሲ ሲሄዱ ተመሳሳይ አደጋ ቢደርስባቸውና እያንዳንዱ በሚሠራበት አገር ሕግ ቢዳኝ፣ የናጋዱ የሥራ አደጋ ካሣ የመጠየቅ መሠረት ሲኖረው የለቡው አይኖረውም። የመዘግየት ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ሚዛኑ ይገለበጣል። የፈረንሳዩ ልማድ ጉዳትን በሰፊው ቢሸፍንም መዘግየትን ለድርጅቱ የውስጥ ደንብና ለድርድር ይተወዋል፤ የኢትዮጵያ አዋጅ ግን ተቀባይነት ያለውን መዘግየት በኅብረት ስምምነት ለመወሰን በግልጽ በር ከፍቷል። ከሁለቱ ሕጎች አንዱም ብቻውን ሙሉ አይደለም።

የጅቡቲ ከተማ መንገድ

ከተማዋ በስፋት ትንሽ ብትሆንም የሠራተኛው መንገድ አጭር አይደለም። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ የሚኖሩት ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ በባልባላ ሲሆን፣ ወደ መሀል ከተማ፣ ወደ ወደቡና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚያደርሷቸው አነስተኛ አውቶቡሶች ናቸው። ሌሊት ላይ አውቶቡሱ ስለሚሳሳ የፈረቃ ሠራተኛ የሚቀረው ታክሲ ነው፤ የታክሲ ዋጋ ደግሞ ከምሽት በኋላ ከፍ ይላል። የአምቡሊ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሲሞላ ግን ከተማዋን ለሁለት ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2004 ሞልቶ ብዙ ሰው ገድሏል፤ በኖቬምበር 2019 ደግሞ የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወርዶ ከተማዋን አጥለቅልቋል። እንዲህ ባለ ሌሊት ከባልባላ ተነስቶ አምቡሊ መድረስ ያልቻለ ተረኛ ከአሜሪካዊው ወንበር ያጣ ባልደረባው በምን ይለያል? በጥፋቱ ያልዘገየ ሠራተኛ ነው፤ የሚለየው የዚያኛው ጉዳይ በውል ተጽፎ የዚህኛው በኃላፊው በጎ ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ነው።

የባቡሩ ነገርም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው ባቡር ጣቢያዎቹን የተከለው ከከተማ መሀል ነበር፤ ለገሃር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ የድሬዳዋ ከዚራም የተቀየሰው ከባቡሩ ጋር ነው። በእነዚያ ከተሞች ሠራተኛው ከጣቢያው ጥሪ በማይርቅ ሰፈር ሊኖር ይችል ነበር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን ለረጃጅም የጭነት ባቡሮችና ለኮንቴይነር ሜዳዎች ሰፊ መሬት ስለፈለገ ጣቢያዎቹን ወደ ከተማ ዳር አወጣ፤ ናጋድም ለቡም የዚህ ውጤት ናቸው። ውሳኔው በምህንድስና ረገድ ምክንያታዊ ነው፤ ሆኖም ከፕሮጀክቱ ወጪ የተቀነሰው የተወሰነው ክፍል በሠራተኛው መንገድ ላይ ተላልፏል። መስመሩን ለዓመታት ያስተዳደሩት የቻይና ኩባንያዎች በ2024 ሥራውን ለጋራ ኩባንያው ካስረከቡ ወዲህ የፈረቃ፣ የመኖሪያና የሰርቪስ ጥያቄዎች የባለቤቶቹ የራሳቸው ጥያቄዎች ሆነዋል።

ምን ሊመጣ ይችላል?

የመጀመሪያው መንገድ አሁን ያለው እንዳለ መቀጠሉ ነው። በዚህ ሁኔታ መዘግየት በየጊዜው በቅርብ ኃላፊው መልካም ፈቃድ ይታለፋል ወይም ይቀጣል፤ ደግ ኃላፊ ባለበት ችግሩ አይሰማም፤ ኃላፊው በተለወጠ ቀን ግን የተጠራቀሙት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዎች እስከ ስንብት ሊያደርሱ ይችላሉ። የአየር ትራንስፖርት በኢትዮጵያ ሕግ ሥራ ማቆም ከተከለከለባቸው እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎቶች አንዱ በመሆኑ፣ በዚህ ዘርፍ ያለ ማኅበር በእጁ የሚቀረው ድርድርና የሥራ ክርክርን የሚዳኘው ቦርድ ውሳኔ ነው። ይህም ለውሉ ቃል የበለጠ ዋጋ ይሰጠዋል፤ በቦርድ ፊት የሚቆመው የተጻፈው ቃል ነውና።

ሁለተኛው መንገድ አሠሪው ለሌሊት ፈረቃ ሰርቪስ መመደቡ ነው። ሰርቪስ በአንቀጽ 97 የአደጋ ዋስትና ይዞ ይመጣል፤ ድክመቱ ግን መጀመሪያ የተሳፈረውን ሠራተኛ ይዞ በየሰፈሩ ሲዞር ከዕረፍቱ ላይ ረጅም ጊዜ መውሰዱ ነው። ሰርቪሱ ራሱ ቢዘገይ መዘግየቱ በሠራተኛው ላይ እንደማይቆጠር አዋጁ በግልጽ ስለማይናገር፣ ይህም በስምምነቱ መጻፍ አለበት።

ሦስተኛውና የተሻለው ሰርቪሱን፣ የመዘግየት አንቀጹንና የፈረቃ መደራረቡን አንድ ላይ የሚያስር ስምምነት ነው። ቀኑን በሦስት የ8 ሰዓት ፈረቃ የሚከፍል ክፍል እያንዳንዱን ፈረቃ በ30 ደቂቃ ቢያደራርብ፣ በአንድ ገበታ ላይ የሚጨመረው የሥራ ጊዜ በቀን 90 ደቂቃ ነው። ይህ ወጪ ነው፤ አሠሪው ሊመዝነውም መብቱ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ደቂቃዎች የሚገኘው ለዘገየ ሰው የሚሆን ፋታ ብቻ አይደለም፤ የሚወጣው ባለሙያ በአየር ላይ ስላሉት በረራዎች፣ ስለሚጠበቀው ማዕበል፣ ስለተበላሸው መሣሪያ ለሚገባው በወጉ የሚያስረክብበት ጊዜም ነው። በሥራው አጠገብ የሚኖሩ ሠራተኞች ሩቅ ለሚኖረው ለምን እንሸከም ይሉ ይሆናል፤ ቅሬታቸውም መሠረት አለው። አንቀጹ በዓመት የሚፈቀደውን ጊዜ ከወሰነ፣ አስቀድሞ ማሳወቅን ግዴታ ካደረገና ማስረጃ ከጠየቀ ግን ሸክሙ የሚገመትና የሚቆጠር ይሆናል።

የድርጅቶችና የማኅበራት ተደራዳሪዎች የሚቀጥለውን የኅብረት ስምምነት ሲከፍቱ ከአበሉ መጠን አስቀድመው ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ሊያሰፍሩ ይገባል፦ የትኛው መዘግየት ተቀባይነት እንዳለው፣ ሠራተኛው ይህንን በምን እንደሚያስረዳ፣ እርሱ እስኪደርስ ገበታውን ማን እንደሚይዝ። ለዚህ የሚሆነው ቦታ በአዋጁ አንቀጽ 27 ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል።